ስንት ለስንት?

አያታችን በ1984 በሱዳን በኩል መጥተው ቤር ሼቫ ከገቡ ጀምሮ የሃፖኤል ቤር ሼቫ ደጋፊ ናቸው። ክለቡ ከ1976 በኋላ የሊጉን ዋንጫ መልሶ ያነሳው በ2016 ነው፤ አባባ ከ40ው ዓመት 32ቱን አብረው ጠብቀዋል። «ሲሸነፍ የሚካድ ዘመድ አለ እንዴ?» ይሉናል።

ሰንበት ላይ የዋለ ጨዋታ ግን አያዩም፤ ሰንበት እንደወጣ «ስንት ለስንት?» ብለው ይጠይቁናል። ዳኛ የሚሰድበውንና ጨዋታው ሳያልቅ የሚወጣውን አይወዱም። ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ ሲገባማ ቤታችን በእልልታ ይሞላ ነበር።

እኛ ሶሻል ወርክ የምንማረው የሽማግሌዎችን ቅጽ ስንሞላ ሕመማቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ የጎደላቸውን እንጽፋለን። የሚወዱትን የሚጠይቅ መስመር የለም። ከዚያ እንጀምር እንላለን፤ «የማን ደጋፊ ነዎት?» የተባለ ሽማግሌ ሌላውንም ያወራል።