የሌላ ሰው ስለት

«ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?»

በየዓመቱ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። መምህርቷ አማርኛ ማስተማር ከጀመረች 19 ዓመት ሆኗታል፤ መልሷ ግን አንድም ቀን አልተለወጠም።

«አይመጣም።»

ይሄኔ 62 ተማሪ በአንድ ጊዜ ዘና ይላል። የማይመጣ ነገር አይነበብማ! ለ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ አለ፣ ኬሚስትሪ አለ፣ ሒሳብ አለ። አማርኛ የማረፊያ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከኋላ ያሉት የሒሳብ የቤት ሥራ የሚገለብጡበት። እሷም ያንን ወፍራም መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»።

«ኧረ ቲቸር! እሱንማ እናውቀዋለን!»

እውነታቸውን ነው። አንድ ገጽ ያልገለጠ ሰው እንኳ ያውቀዋል። በዛብህ የሚባል የድሃ ልጅ ሰብለ ወንጌል የምትባል የባላባት ልጅ ወደደ፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ደማቸው ፈላ፤ ከዚያ መቃብር። ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ተናግሮ ቁጭ ብሏል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ካሳተሙት ወዲህ መጽሐፉ እንደ ተረት በአፍ የሚዞር ሆኗል። በአፍ የሚዞር መጽሐፍ ማስተማር ደግሞ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ከማስተማር ይከብዳል።

መምህርቷ ከመቃብሩ አትጀምርም። ከፍቅሩም አትጀምርም። ማንኩሳ ነው የምትወስዳቸው።

በዛብህ ሰብለን ከማየቱ በፊት ልጅ ነበር፤ ሰው ይሄን ይረሳዋል። አባቱ ቦጋለ መብራቱ፣ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ይባላሉ። ልጁ እንዲኖርላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ተሳሉ፤ ሲያድግ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እያገለገለ ይኖራል ብለው። ልጁ ያኔ ምንም አያውቅም። ማንም አልጠየቀውም፤ ሕፃን ደግሞ እንዴት ይጠየቃል?

«እጃችሁን አውጡ» ትላለች መጽሐፉን አጠፍ አድርጋ። «ወላጅ በልጁ ሕይወት መሳል ይችላል?»

ክፍሉ የሚነቃው እዚህ ጋ ነው። የሒሳብ ደብተር ይዘጋል። «ይችላል! የወለደው ማን ሆነና!» የሚል አለ። «እሱ ነው ተሳዩ፣ እሱ ራሱ ይመንኩስ!» የምትል አለች። አንድ ሙስሊም ተማሪ ተነስቶ እነሱም ጋ ነዝር የሚባል ነገር እንዳለ፣ አያቱ በስንቱ እንደሚሳሉ ይናገርና ሁሉም ይስቃል። አንዱ ደግሞ ከኋላ፣ «ቲቸር፣ በዛብህ እኮ የሞተው ስለቱን ስላፈረሰ ነው» ይላል። በየዓመቱ አንድ ልጅ ይሄን ይላል። እሷም በየዓመቱ፣ «የቱ ገጽ ላይ ነው እንደዚያ የሚለው? አሳየኝ» ትለዋለች። ለመፈለግ ሲል ያነባል። ተንኮሏ ያ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍቱ ልማድ ሌላ ነው። ልብ ወለድ ሲባል ጭብጥ፣ መቼት፣ ግጭት፣ የአተራረክ አንጻር፤ ከዚያ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ»። ነገሩ ስህተት የለውም። ልጆቹም «የመጽሐፉ ጭብጥ ፊውዳላዊ ሥርዓት በፍቅር ላይ የሚያደርሰው ጫና ነው» ብለው ይጽፉና አሥር ከአሥር ያገኛሉ። ፊውዳል ደግሞ ሞቷል፤ ስለዚህ መጽሐፉም የሞቱ ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። 17 ዓመት የሞላው ልጅ ፊታውራሪ የሚባል ሰው አይቶ አያውቅም። ሳይጠየቅ የተወሰነበት ነገር ግን አለው። መጽሐፉ ለዚህ ዕድሜ የተጻፈ የሚመስለው በዚህ በኩል ሲገቡበት ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ስለተባረረው ስለ ሆልደን የሚተርክ በ1951 የታተመ መጽሐፍ ያነባሉ፤ እዚያ ልጁ የሚያድገው አዋቂዎችን ሁሉ አስመሳይ እያለ ነው። በዛብህ ግን ያንን ማለት አይችልም። አባትና እናቱ ይወዱታል። ስለቱ ራሱ ከፍቅር የመጣ ነው። ቢጠሉት ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ!

አንድ ኮፒ ለ62 ተማሪ አይደርስም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሦስት አሉ፤ አንዱ መጀመሪያው የለውም፣ ሌላው መጨረሻው። ፎቶ ኮፒ ውድ ነው። ስለዚህ መምህርቷ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን በስልክ ትልክላቸዋለች። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ድምፁ ያረጀባቸዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙት እሱን ይሆናል። «ለምን ቴክስት አያደርግላትም ታዲያ?» የሚል ቀልድ አይጠፋም። ግን ቅኔ ቤት ምን እንደሆነ፣ የቆሎ ተማሪ ለምን ውሻ እንደሚያባርረው፣ ጭሰኛ ማለት ማን እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራሉ። ሐዲስ ራሳቸው ጎጃም ውስጥ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ያደጉ፣ ኋላም አምባሳደርና የትምህርት ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው፤ የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከሩቅ ሰምተው አልጻፉትም። ይሄን ስትነግራቸው ከሁሉ የሚገርማቸው ሚኒስትር ልብ ወለድ መጻፉ ነው።

ባለፈው ዓመት መምህርቷ አንድ አዲስ ነገር ሞከረች። ግማሽ ገጽ ጻፉ አለቻቸው፦ «ማንም ሳይጠይቃችሁ የተሳለላችሁ ስለት። ስም አይጻፍበት።»

ማታ ወረቀቶቹን ይዛ ቁጭ አለች። የመርካቶ ነጋዴ አባቱ ሱቁን እንዲረከብ የሚጠብቅ ልጅ። እናቱ ፓይለት ይሆናል ብላ ለጎረቤት ያወራችበት፣ እሱ ግን ከፍታ የሚፈራ። አንዱ፣ «እኔን ማንም አልተሳለኝም። ማንም ከእኔ ምንም አይጠብቅም» ብሎ ሁለት መስመር ጽፎ አቁሟል፤ ይህችን ወረቀት ደጋግማ አነበበቻት። በጽሑፉ ማን እንደሆነ ለማወቅም ሞከረች፤ አልቻለችም።

ከዚያ ይሄኛው ወረቀት መጣ። እህቴ ቤሩት ናት ይላል። ከሄደች 7 ዓመቷ ነው፤ የሰው ቤት ትሠራለች፤ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። ስትደውል በስሜ አትጠራኝም፣ «ዶክተሬ» ነው የምትለኝ። ፊዚክስ 31 አምጥቻለሁ። ሶሻል መግባት ነበር የምፈልገው፤ ታሪክ ነው የምወደው። እሷ እዚያ ሆና እኔ ታሪክ እወዳለሁ ማለት ያሳፍራል።

መምህርቷ አለቀሰች። በማግስቱ ክፍል ገብታ ጮክ ብላ አነበበችው። ስም የለበትም ብላ ነው። ደግሞም ከምታስተምረው ሁሉ የተሻለ መስሏታል። የረሳችው ነገር ቢኖር አንድ ክፍል ውስጥ ቤሩት እህት ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም እንደሚያውቅ ነው፤ ጫማውን አይተውታል፣ ስልኩን አይተውታል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ጭንቅላቶች ወደ መስኮቱ በኩል ዞሩ። ልጅቷ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደወሉ እስኪደወል አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አልታየችም፤ ሌላው ላይ ትገባለች።

መምህርቷ ለስንት ዓመት ተማሪዎቿን ስታስረዳ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ልጃቸውን ይወዳሉ፤ የሚመጥናት ሲሉ ሲሉ ዕድሜዋን አሳለፉባት፤ ጥፋታቸው አንድም ቀን እሷን አለመጠየቃቸው ነው ትል ነበር። ይሄን በቃሏ ታውቀዋለች። ወረቀቱን ከማንበቧ በፊት ግን ልጅቷን አልጠየቀቻትም።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነገሩ ተሰማ። አንድ ሽበት የወረሳቸው የኬሚስትሪ መምህር ስኒያቸውን እያማሰሉ፣ «እኔ ድሮም ነግሬሻለሁ» አሏት። «ያን መጽሐፍ እንደዚህ አታስተምሪው። እህትየዋ እዚያ እየነደደች፣ አንቺ ለዚህችኛዋ የፈለግሽውን ሁኚ ልትያት ነው? ቤተሰቡን የሚያበላው ማነው? ጉዱ ካሳ?»

ቀላል ጥያቄ አይደለም። የልጅቷ ስለት የበዛብህን ያህል እንኳ ቀላል አይደለም፤ በየወሩ ደረሰኝ አለው። በዛብህ ስለቱን ቢያፈርስ የሚቀየመው እግዚአብሔር ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ይቅር ባይ ነው ይባላል። እህት ግን 7 ዓመት አታስመልስም። ጉዱ ካሳን ተማሪዎች ሁሉ ይወዱታል፤ እውነቱን ይናገራላ። ስሙ ግን ካሳ ብቻ አልነበረም? «ጉዱ» የምትለዋ የተጨመረችበት ሌላው ሰው ያላለውን ስላለ ነው። ለ17 ዓመት ልጅ ራስህን ሁን ብሎ መምከር ዋጋው ስንት እንደሆነ ሳይናገሩ ከሆነ ማታለል ነው። መጽሐፉ ግን ዋጋውን አይደብቅም። ከሦስቱ አንዳቸውም በደህና አይተርፉም። መምህርቷ ለሽማግሌው መምህር ይሄንኑ ለመመለስ ሞክራ ነበር፤ ደወል ተደወለና ሁለቱም ወደየክፍላቸው ሄዱ።

ልጅቷን ያገኘቻት ከግቢው በር ውጭ ነው፤ ሳምቡሳ የምትሸጠዋ ሴትዮ አጠገብ።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «ሳልጠይቅሽ ነው ያነበብኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ምንም አይደል ቲቸር» አለች ልጅቷ መሬት መሬት እያየች። ያቺ «ምንም አይደል» ከስድብ ትከብዳለች።

በማግስቱ መምህርቷ ክፍሉ ፊት ቆማ ይሄንኑ ደገመችው፤ ማንን እንደሆነ ሳትጠራ፣ ያለፈቃድ የሰው ወረቀት ማንበቧ ጥፋት እንደነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው የማያውቁ ልጆች የት እንደሚያዩ ይጠፋቸዋል። ወረቀቶቹንም ለየባለቤቱ ለመመለስ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጀርባዋን ሰጠች። ስትዞር አንድም አልቀረም፤ ያቺ ባለ ሁለት መስመሯም ተወስዳለች።

ልጅቷ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተመለሰች። አታወራም፤ ግን ትሰማለች። ፊዚክሱን አልለወጠችም፣ ዘርፍም አልቀየረችም። ለእህቷም አልነገረቻትም። መምህርቷም እስካሁን አልጠየቀቻትም፤ ትምህርቱን የተማረችው እሷ ሆናለች መሰለኝ የሚሉ ባልደረቦች አሉ።

አንድ ቀን ግን ትምህርት ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«ቲቸር፣ ያንን ኦዲዮ ለእህቴ ላክሁላት።»

«የወጋየሁን?»

«አዎ። ስታስተኩስ ትሰማዋለች። ማዳም ስትመጣ ታጠፋዋለች።» ፈገግ አለች። «አባዬ ሬዲዮ ላይ ሲሰማው ትንሽ ትንሽ ትዝ ይላታል። ማታ ማታ እየደወለች ስለ በዛብህ ነው የምታወራኝ። ስለቱ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ከዚያ ‹ምስኪን፣ ሳያውቅ› አለች። ሌላ ምንም አላለችም።»

«መጨረሻውን ነገርሻት?»

«ታውቀዋለች እኮ ቲቸር፤ ሁሉም ያውቀዋል። ግን እንዳትነግሪኝ አለችኝ።» ቦርሳዋን አነሳች። «ሰብለ ከቤት የምትጠፋበት ጋ ገና አልደረሰችም።»