ከእኔ በፊት የነበረው ሰው

በጋራ ሲኤንሲ ፍሬዛ፣ በቁጥር በምትታዘዝ ብረት መቁረጫ ማሽን፣ የሚሠራ ሰው ከእሱ በፊት የሠራውን ላያገኘው ይችላል። ማወቁ ግን አይቀርም። ጠዋት የማሽኗን በር ስከፍት ሞርሳው ሥር የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተከምሮ ካየሁ፣ የማታው ባለተራ ታክሲ እንዳያመልጠው ሲሮጥ ይታየኛል። ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ በስሱ ዘይት ተቀብቶ፣ መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ስፒንድልም ባዶውን ከፍ ብሎ ቆሞ ካገኘሁት ያንን ሰው ቡና ብጋብዘው ደስ ይለኛል።

ባደግሁበት ግቢ ምጣዱ የጋራ ነበር። እናቴ ማን ጋግሮበት እንደሄደ የምታውቀው ከመጀመሪያው እንጀራ ነው። ከተጣበቀባት፣ በጎመን ዘር ሳታስስ የሄደችውን ጎረቤት ስም አትጠራም፤ አክንባሎውን ብቻ ጠንከር አድርጋ ትከድናለች።

ፍሬዛዋ የምጣዱን ያህል ገራም አይደለችም። ማታ የተነገራትን ቁጥር ጠዋትም ታምናለች። አንድ ቀን በአጭሩ መሰርሰሪያ ቦታ ረጅም አስገብቼ፣ ርዝመቱን ሳልለካ አረንጓዴውን ተጫንሁ። እሷ የምታውቀው የማታውን አጭር ነው። በሙሉ ፍጥነት ወርዳ ከብረቱ ጋር ተላተመች፤ መሰርሰሪያው ተሰብሮ የበሩን መስታወት መታው። በሩን መዝጋቴ ብቻ ነው የጠቀመኝ። ቀዩን ኢመርጀንሲ የመታሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ቁራጭ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ፣ መስመር በመስመር ነው የማስኬደው። ከተሩ (መቁረጫው) ከብረቱ አንድ ጣት ሲቀረው አቆምና፣ ገና ስንት ሚሊሜትር እንደምትወርድ ስክሪኑ ላይ አነባለሁ። ዓይኔ 20 ሲል ስክሪኑ 150 ካለ፣ ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል። የተሳሳተው ዓይኔ አይሆንም።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ ጓንት አጥልቆ ነው፤ ጥንቃቄ መስሎታል። የሚሽከረከር ስፒንድል ጓንት ከያዘ ጣቱን ለይቶ አይተውም። ጓንት የሚያስፈልገው ማሽኗ ቆማ፣ ስለታም ከተርና ፍቅፋቂ ሲነካ ነው። ፍቅፋቂውን በኮምፕሬሰር አየር መንፋትም ያጓጓል። አንዴ እፍ ሲባል ጠረጴዛው ይጸዳል፤ የጠፋው ፍቅፋቂ ግን የሄደው ወይ ወደ ዓይን ወይ ወደ መንሸራተቻው ሽፋን ሥር ነው። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ብሩሻችን ፀጉሩ ግማሽ ሆኗል፤ እኔ ግን በአየሩ አልለውጠውም።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ቡና ይበተናል። የዎርክሾፑ ጋሼ ብቻ ከኋላ ዞረው ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፉ አይወጡም። መብራቱ ሲመለስ በምን ጉልበት እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ከተሩም ብረት ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። መብራቱ ተመልሶ ሲረጋ አብርተው፣ ከተሩን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያወጡትና ማሽኗን ወደ መነሻዋ ይልኳታል። ሌላው እስኪመጣ ቡናው ሦስተኛ ደርሷል።

ፕሮግራሞቻችን መጨረሻቸው ላይ ኤም 30 የምትል ትእዛዝ አለች። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ውስጥ በቁጥር የምትታዘዝ ፍሬዛ ለእይታ ስትቀርብ፣ ትእዛዟን የምታነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር። ኤም 30 ማለትም «ጨርሻለሁ፣ ጥቅሉን ወደ መጀመሪያው መልሺው» ማለት ነው። የወረቀቱ ዘመን ካለፈ ቆየ፤ ማሽኗ ግን ዛሬም ሥራ ባለቀ ቁጥር የሌለ ጥቅል ትጠቀልላለች። ከተሩን ማውለቁን፣ ጠረጴዛውን መሃል ማምጣቱን፣ መጀመሪያ ስክሪኑን ከዚያ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋቱን ለእኛ ትታዋለች።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «ቁጥር 4 ከተር አንድ ጥርሱ ተሰብሯል፤ ርዝመቱን ሰርዤዋለሁ፣ እንዳትጠቀሙበት» ይላል። ስም የለውም። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል።