ሞተርና ረጅም እግር

ዋጃ ላይ ረጅም ሰው ብርቅ አይደለም፤ ለረጅም ሰው የሚመች ሞተር ሳይክል ግን ብርቅ ነው። አባቴ አንድ በሬ ሸጠው «ሞተር ግዛበት» ሲሉኝ፥ መጀመሪያ በየመንደሩ የሚሮጠውን ባጃጅ ቦክሰር ሞከርሁ። ስታጠፍ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመ፤ ወደ ኋላ ብሸሽ ወገቤ ጎበጠ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሊሸጡት ካሰቡት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ላይ አስቀመጡኝ። «ልጄ፥ ከመሬት ያለውን ከፍታ ተወው፤ ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለውን ለካ» አሉኝ። እውነትም ጉልበቴ ተፈታ፤ ውሃው የደረቀውን የወንዝ አሸዋም መርገጫው ላይ ቆሜ ተሻገርሁ።

መለዋወጫው እንደ ቦክሰሩ በየሱቁ አይገኝም፤ ይህን እያወቅሁ መረጥሁት። ወንድሞቼ፥ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ተቀመጡበት፤ በሬው የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።