ሁለት ልጅ፣ አንድ ጀርባ

ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ሕፃን ይዞ ከቤት መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ትልቁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ መሮጥ ይወዳል፣ መሄድ ግን አይወድም። (ልዩነቱን ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።) ትንሿ ገና ሰማንያ ቀኗ አልደረሰም። እሱ 11 ኪሎ፣ እሷ 4 ኪሎ ተኩል። ለ45 ቀኗ ክትባት ጤና ጣቢያ የሄድን ዕለት እሷን ታቅፌ፣ እሱን በአንድ እጄ እየጎተትኩ፣ ቦርሳውን በጥርሴ ልይዝ ምንም አልቀረኝም።

ይህን የሰማችው እትዬ ናት። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በቴሌግራም ሦስት ፎቶ ላከችና በድምፅ «ባለ ሁለት መቀመጫ የልጅ ጋሪ ነው፤ አንዱን ምረጪ፣ ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ» አለችኝ። ለእማዬ «እትዬ የልጆች ጋሪ ልትልክልን ነው» ብዬ ስነግራት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፈረሱንስ?»

ሳቅኩባት። በኋላ ሳነብ ግን ብዙም እንዳልራቀች ገባኝ። በ1733 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኬንት የተባለው እንግሊዛዊ ለአንድ መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ የሚጎተተው በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ቀላልና ታጣፊው ዓይነት የመጣው በ1965 ነው፤ የሠራው ኦወን ማክላረን፣ በጦርነቱ ጊዜ በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ላይ የሠራ መሐንዲስ ነበር። የአውሮፕላን እግር ማጠፍ የለመደ ሰው ለልጅ ልጁ ጋሪ ማጠፍ አላቃተውም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው ልጆቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው። እንደ ባጃጅ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሄዳሉ። ያምራል። ስፋቱ 76 ሴንቲ ሜትር ይላል። ሜትር አውጥቼ የግቢያችንን ትንሿን በር ለካሁ፤ 70። ትልቁን የቆርቆሮ በር መክፈት ይቻላል፤ እሱን ለመክፈት ግን ሌላ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፊትና ኋላ የሚያስቀምጥ ነው፤ ጠባብና ረጅም። ሦስተኛው የአንድ ልጅ ጋሪ ሆኖ ከኋላው ትልቁ ልጅ የሚቆምባት ትንሽ ጣውላ ያላት። እሷን ሳያት ወዲያው የታየኝ የኔ ልጅ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል እየወረድን፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ሁለት እጁን ለቆ ለባጃጅ ሲያጨበጭብ።

በፎቶ የማይታይ ነገርም አለ። አራስ ልጅ አንገቷ ስላልጠና መቀመጥ የለባትም። ተቀምጣ ካንቀላፋች አገጭዋ ደረቷ ላይ ይወድቅና ትንፋሿ ይጠባል። ስለዚህ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ገደማ የሷ ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚዘረጋ መሆን አለበት። የሱ ግን ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ፣ በቀበቶም የሚያስር። ባለ ሁለት ጋሪ ሁሉ ሁለቱን በአንዴ አይችልም፤ ለመንታ የተሠራና ለእድሜ ታላቅና ታናሽ የተሠራ ይለያያሉ። ደግሞም ነጠላ ጣል አድርጎ ፀሐይ መከለል የሚባለው የኛ ልማድ ለጋሪ አይሆንም። ውስጡ አየር አጥቶ ይሞቃል።

ከዚያ ጎማው። ለለስላሳ አስፋልት የተሠራ ትንሽ የፕላስቲክ ጎማ የኛ ኮብልስቶን ድንጋዮች መሀል ይሰነቀራል፤ ኮብልስቶኑ በሚያልቅበት ሰፈር ደግሞ በክረምት ጭቃው ይውጠዋል። በአየር የሚነፋ ትልቅ ጎማ ይሻላል። ቢተነፍስስ? ጎሚስታ መቼ ጠፍቶ።

ዳገቱን በሒሳብ ሞከርኩት። ልጆቹ 15 ተኩል፣ ጋሪው 16፤ በጠቅላላ 31 ኪሎ ተኩል። አሥር ሜትር ሲሄዱ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ የሚገፋው ሰው ሦስት ኪሎ ያህል ሳያቋርጥ እየተሸከመ እንደመሄድ ነው፤ የድንጋዩ መንገጫገጭ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ። ዳገቱስ ይሁን፤ የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። በ2,700 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ውስጥ የለቀቁት ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደ ታች ነው። እትዬን «ፍሬኑ በእግር የሚረገጥ፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር ማሰሪያም ያለው ይሁን» አልኳት።

በዚህ አገር ከባድ ነገር በጎማ ስለመግፋት መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። ከከተማችን ወጣ ብላ ጋፋት አለች፤ አጼ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ ያስቀለጡባት። ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ትመዝናለች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፤ መንገድ ስላልነበረ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሱ መንገዱን ከፊት ከፊት እየሠሩ ነው የሄዱት። ልጅ ሆነን ይህን ስንማር ጀግንነቱ ነበር የሚነገረን። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ጎማ ብቻውን ምንም አይደለም፣ መንገድ ይፈልጋል። ጀርባ ግን መንገድ አይፈልግም። ሰው የረገጠበት ሁሉ ይበቃዋል።

እማዬም የምትለው ይህንኑ ነው። እኛን ሁሉ ያሳደገችበት አንቀልባ እስካሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የተለፋ ቆዳ፣ ዳር ዳሩን ዛጎል፣ ጠፍሩ በላብ ጠቁሯል። ልጅ እግሩን ከፍቶ የእናቱን ወገብ አቅፎ መታዘሉ ለዳሌው መገጣጠሚያ እንደሚበጅ ሐኪሞች ዛሬ ይናገራሉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶጎ ውስጥ በሰላም ጓድነት የሠራች አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስም የቶጎ እናቶችን አይታ ተመልሳ «ስናግሊ» የሚባል የልጅ ማዘያ ሠርታ ለዓለም ሸጠች። ለእማዬ ይህን ስነግራት «እንዴ፣ ቆዳ አገሯ የለም?» አለች።

እኔ አንቀልባን አልጠላም። ትንሿ አንገቷ ሲጠና አዝላታለሁ፤ ሙቀቱም፣ ትንፋሿ ጀርባዬ ላይ መሰማቱም በጋሪ አይገኝም። ጥያቄው ግን ሁለት ሲሆኑስ ነው።

«ሁለት ሲሆኑማ» አለች እማዬ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «አንዲት ልጅ እናመጣለን። ከጉና ሥር የአክስትሽ ወገኖች ልጅ አለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ ናት። ግማሽ ቀን ትማራለች፣ ግማሽ ቀን ማሙሽን ታዝላለች።»

በክፋት አይደለም። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ እማዬ ግን መቅጠር አትለውም። ማሳደግ፣ ማስተማር ነው የምትለው። የኔ የወሊድ ፈቃድ ከወለድኩ በኋላ 90 ቀን ነው፤ እያለቀ ነው። እሷም ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ይህን ጥያቄ ሁሉም ቤት የሚመልሰው እንደዚህ ነው። ከሰሜን ሸዋ እስከ ጎንደር ተራራ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የልጅ ጋሪ ኖሮ አያውቅም እንዳትሉ። ነበረ። አንዱ መቀመጫ የእናቲቱ ጀርባ፣ ሌላው የትልቋ ሴት ልጅ ጀርባ ነው።

የኛ ቤት ሁለተኛዋ ጀርባ እትዬ ነበረች። እኔ ስወለድ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወንድሜ ከኔ በፊት በዓመት ከስምንት ወር ተወልዷል። እማዬ ውሃ ስትቀዳ፣ ጠላ ስትጠምቅ፣ ገበያ ስትውል አንዳችን የእትዬ ጀርባ ላይ ነበርን። እሷ ትምህርት ቤት የገባችው በአሥር ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት እኔን አዝላ ክፍሉ መስኮት ስር ትቆም ነበር። አስተማሪው ልጅቷ ካላለቀሰች መቆም ትችያለሽ ብሏት ነበር፤ ስለዚህ ሳላለቅስ ላቆየኝ የምትችለውን ሁሉ ታደርግ ነበር፤ እየተወዛወዘች፣ እየረገጠች፣ ጣቷን እያስጠባችኝ። «ሀሁን የቆጠርኩት እየተወዛወዝኩ ነው፤ አሁንም ሳነብ እወዛወዛለሁ» ትለኛለች። ስትስቅ ነው የምትነግረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳትስቅ፣ ወገቧን ልትታከም የሄደች ቀን፣ «ይሄ ያንቺ ነው፣ ያኛው የወንድምሽ» አለችኝ።

ለምን ባለ ሁለት ላይ ሙጭጭ እንዳለች ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በርና ጎማ ስለካ ቆይቼ መጨረሻ ላይ «የአንድ ልጅ ጋሪ ይበቃናል፣ አንዷን አዝላታለሁ» ልላት ነበር። በመንገዳችን ለክቼ ካየሁት እውነቱ እሱ ነው፤ ቀላል፣ ጠባብ፣ ባጃጅ ውስጥ የሚገባ። እሷ ግን መንገዱን አይደለም የምታስበው። ለአንድ ልጅ መቀመጫ ከጎደለ የሚሞላው ሰው ተፈልጎ እንደሚመጣ ታውቃለች።

የልጆቹ አባት ደግሞ አለ። ማታ ማታ ልጁን እሽኮኮ አድርጎ ቤቱን ይዞረዋል፤ በጣም ጎበዝ አባት ነው። «አንቀልባውን ሞክረው» ስለው ግን ከሰፈር እስከ ቢሮ ድረስ ያለውን ሰው በሙሉ ዘረዘረልኝ፤ ማን እንደሚያየው፣ ማን ምን እንደሚል። ወንድ ልጅ አዝሎ ገበያ ወጣ ይባላል፤ በቃ። የሁለተኛውን ጋሪ ፎቶ ሳሳየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጎማው ስንት ኢንች ነው? ሲታጠፍ ስንት ይሆናል? ድንጋጤ መቀበያ አለው? እንደ ሞተር ነው ያየው። «ጠዋት ጠዋት እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለ፣ ሳልጠይቀው።

ትንሽ ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። የቆዳው ነገር የሴት፣ የብረቱ ነገር የማንም ይሆናል እንዴ? ግን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አሰላሁት። ለመንገዳችን የሚመቸው ጋሪ እኔን ብቻ ነው የሚያግዘኝ። ለመንገዳችን የማይመቸው ግን እሱን ከቤት ያስወጣዋል፣ የዘጠኝ ዓመቷንም ልጅ ቤቷ ያቆያታል። ዳገቱን እሱ ይግፋው።

ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ጭቃ ሲሆንስ?» አለች። ጭቃ ሲሆን አንቀልባው እዚያው ተሰቅሏል አልኳት። ልጅቷን ለትምህርት ቤት ደብተርና ጫማ እንግዛላት፣ እዚያው እናቷ ጋ ሆና ትማር ስላት ግን አልመለሰችልኝም። እስካሁን አልመለሰችልኝም። እሷን ያሳደጓትም እንደዚያ ስለነበር ይመስለኛል።

እትዬ ጋሪውን ገዝታ በሚዛን አስቀመጠችው። 16 ኪሎ። ሰውየው አንድ ሻንጣ ብቻ፣ 23 ኪሎ ነው ቦታ የሰጣት። በቀረው 7 ኪሎ የልጆቹ አባት የጎማ መንፊያና ትርፍ የውስጥ ጎማ ይሁንልኝ አለ፤ እማዬ ደግሞ ከሷ ምንም እንደማትፈልግ ነግራት ወዲያው የመነጽር ቁጥሯን አስጻፈችኝ።

ስልኩን ልዘጋ ስል እትዬ «ያቺን ልጅ ግን አላመጣችኋትም አይደል?» አለችኝ።

«አላመጣናትም።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እጀታው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለባልሽ ቁመት ይሆናል» አለችኝ።