የሚኒስትር ሥራና የሬኮ ሜዳ

«ሚኒስትር» የሚለው ቃል በተጠራ ጊዜ ለብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊና የሚታየን ሰፊ ጠረጴዛ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት አዳራሽና በበሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። የቃሉ ምንጭ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። በጥንቱ የላቲን ቋንቋ ሚኒስትር ማለት አገልጋይ፣ ይኸውም በሌላው ፊት ቆሞ የሚታዘዝ ታናሽ ሰው ማለት ነበር። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ ክብሩን ይዞ መጣ፤ አገልጋይነቱ ግን በመንገድ ሳይቀር አልቀረም።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የማገለግል፣ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ስለ ባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሥራ ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንድ አንባቢ ድፍረት ይመስለው ይሆናል። ሚኒስትር ለመምከር አይደለም። በሬኮ አንድ ነገር ስለ ደረሰብኝና ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ኀሳብ ከልቤ ስላልወጣ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ የደረሰ ሰው የጌዴኦን ምድር ጀመረ። ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ወደ ሬኮ ሲወጣ፣ ዐይኑ ሜዳ ቢፈልግ አያገኝም። ምድሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በዚያ ዳገት ላይ ግን ከላይ እንደ ዋንዛና እንደ ብርብራ ያለው ታላቅ ዛፍ ጥላውን ዘርግቶ ይቆማል፤ ከጥላው ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናው ይበቅላል። የጌዴኦ ገበሬ ዛፉን ሳያጠፋ እህሉን፣ እህሉን ሳያጎድል ቡናውን ማኖርን ከአባቶቹ ተምሯል። ይህ ጥበብ ከጥንት የድንጋይ ትክሎቹና ከባህላዊ ሥርዐቱ ጋር ተደምሮ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

እንግዲህ በዚህ አገር ደልዳላ መሬት ማለት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ አንባቢው ይገምተው። እኔ ግን ሳልገምተው ሄድሁ።

የተላክሁበት ጉዳይ ቀላል ነበር። ለወጣቶች የስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራ ሊሆን የሚችል ቦታ እየፈለጉ በቅጽ ላይ መመዝገብ ነው። ቅጹ ሦስት ዐምዶች አሉት፤ የቦታው ስም፣ ስፋቱ፣ እንዲሁም የተያዘ ወይም ያልተያዘ መሆኑ። ሬኮ የደረስሁት ከቀትር በኋላ፣ ዝናብ ካባራ ወዲያ ነበር። በታላቅ ዛፍ ሥር ሣሩ የለመለመ ደልዳላ ስፍራ አየሁ። ቡና አልተተከለበትም፤ እንሰት የለበትም፤ ከብት አይታይበትም። መንገድ የሚመራኝን ልጅ «ይህን የሚያርሰው ማን ነው?» ብለው «ማንም አያርሰውም» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ በሦስተኛው ዐምድ «ያልተያዘ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቅጹም ከሌሎቹ ጋር ወደ በላይ ተላለፈ።

ከአንድ ወር በኋላ ቦታውን በሜትር እንድለካ ታዝዤ ተመለስሁ። በዚያ ቀን ስፍራው ባዶ አልነበረም። ሽማግሌዎች በዛፉ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ያ ስፍራ ለካ ሶንጎ ነበር። ሶንጎ በጌዴኦ ዘንድ የሸንጎው ስም ነው፤ ሸንጎው የሚቀመጥበትም ስፍራ በዚያው ስም ይጠራል። የተጣላ የሚታረቀው፣ የተበደለ የሚካሰው፣ የጎረቤት ድንበር የሚለየው በዚያ ነው። እኔ የዲላ ልጅ ስሆን፣ የእናቴንም ቋንቋ እየሰማሁ ሳድግ፣ ሶንጎን በስሙ እንጂ በመልኩ አላወቅሁትም ነበር።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ የመጣሁበትን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከዚያም ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ ቃላቸውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ይህን ያህል ነው።

«ልጄ፣ ስለዚህ ስፍራ የጻፍኸውን አንብብልን።»

ግልባጩ በቦርሳዬ ውስጥ ስለ ነበረ አወጣሁና አነበብሁ። «ያልተያዘ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ ዝቅ አለብኝ።

«ሰው ስላላየህበት ነውን?» አሉ።

«አዎን፣ አባቴ።»

«ገበያ ከገበያ ቀን በቀር ባዶ ነው። ማክሰኞ ቀን መጥተህ ሰው ብታጣበት፣ የገበያውን ቦታ ያልተያዘ ብለህ ትጽፈዋለህን?»

የምመልሰው አጣሁ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ሳለን ሜትሩን ሊይዙልኝ ከመጡት ወጣቶች አንዱ እንዲናገር ፈቃድ ለመነ። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ቢሆን ነው። «አባቶቼ፣ ሶንጎውን እናከብራለን። ነገር ግን እኛ የት እንሩጥ? የምንለማመደው በመኪና መንገድ ዳር ነው። ባለፈው ክረምት ጓደኛችንን ሞተር ብስክሌት ገጭቶት እስከ ዛሬ ያነክሳል። ይህ ዛፍ የአባቶቻችንን ነገር ሰምቷል፤ የእኛን ነገር ግን ማን ይስማ?» አለ።

ሁሉም ዝም አሉ። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ ቅጽ ከመሙላት እጅግ የከበደ መሆኑ ገባኝ። ሽማግሌዎቹ እውነት አላቸው፤ ልጁም እውነት አለው። ሁለት እውነቶች ግን በአንድ ደልዳላ መሬት ላይ አይበቁም ነበር።

ሶንጎው በዚያ ቀን አልጨረሰም። በየተራ እየተናገሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጡ፤ ሌላም ቀን ቀጠሩ። በሦስተኛው ጉባኤ ተስማሙ። ዛፉ አይነካም፤ ሶንጎውም ከቦታው አይነሣም። ከሶንጎው በታች ያለው የወል ግጦሽ ግን ለወጣቶቹ ይሰጥ፤ ቁልቁለቱን ወጣቶቹ ቆፍረው ይደልድሉት፤ ጎረቤቱ በሥራው ቀን ቆጮና ቡና ያቅርብ፤ አፈሩ በዝናብ እንዳይናድ የሚያስፈልገውን የድንጋይ ካብ ወጪና የጎሉን ምሰሶ ግን መንግሥት ይርዳ አሉ።

ከዚህ በኋላ የእኔ ተራ ነበር። ወደ መሥሪያ ቤቴ ተመልሼ የቀድሞው ምዝገባ ስሕተት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ረቂቅ አቀረብሁ። አለቃዬ አንብበው «አንድ ቃል ናት፤ ተዋት። የተመዘገበው ቦታ ቁጥር ከቀነሰ ተጠያቂዎች እንሆናለን» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውንም ቁጥር የሚጠይቃቸው አለ። እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። በማግስቱ ደብዳቤውን በራሴ ስም ፈርሜ ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ ሥርዐት ሳልጠብቅ በመጻፌ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እኔው ነኝና፣ ማስጠንቀቂያውን ቁጥር ሰጥቼ በግል ማኅደሬ ውስጥ ያስቀመጥሁት በገዛ እጄ ነው።

ስለ ሚኒስትር ሥራ ማሰብ የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሲሾሙ ለጦር፣ ለፍርድ፣ ለገንዘብና ለእርሻ ሰው ተመደበ እንጂ ለባህልና ለስፖርት የተመደበ አልነበረም። በኋላም ይህ ሥራ ብዙ ቤት ቀይሯል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥነ ጥበብ ከትምህርት ጋር ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ባህል አንዳንዴ ከማስታወቂያ፣ አንዳንዴ ከቱሪዝም ጋር ተዳበለ፤ ስፖርትም በተራው ከወጣቶች ጉዳይ ጋር ኖሮ፣ በ2011 ዓ.ም. ለብቻው ኮሚሽን ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

ይህን ጋብቻ የሚነቅፉ አሉ። ባህል ወደ ኋላ፣ ስፖርት ወደ ፊት ይመለከታል፤ ባህል የሽማግሌ፣ ስፖርት የወጣት ነው ይላሉ። እኔም ሬኮን ሳላይ ይህን ብሰማ እውነት ነው እል ነበር። ነገር ግን ባህል የሚለው ቃላችን ከግእዙ «በሀለ» የመጣ ነው፤ «በሀለ» ማለትም «አለ፣ ተናገረ» ነው። ስለዚህ ባህል ማለት የተባለው፣ ሲነገር የኖረው ማለት ነው። የተባለው ነገር ሰሚ ከሌለው ይሞታል፤ ሰሚውም ወጣቱ ነው። ያ ልጅ በሶንጎው ፊት ቆሞ በተናገረ ጊዜ ስለ ኳስ ብቻ አልተናገረም፤ ሳያውቀው የሶንጎ ተናጋሪ ሆነ። ሽማግሌዎቹም መሬት በሰጡት ጊዜ ለኳስ ብቻ አልሰጡም፤ ለሶንጎው ወራሽ ገዙለት።

እንግዲህ የሚኒስትሩ ድርሻ ምንድን ነው? መጀመሪያ የማይችለውን እንወቅ። ሚኒስትር ጀግና አይፈጥርም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ አደባባዮች በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ በአገራችን የስፖርት ሚኒስትር የሚባል አልነበረም። ያሸነፈው የገዛ ጉልበቱ፣ ያሳደገው የክብር ዘበኛና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኒስካነን ያደከሙት ልምምድ ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣም ድሉ የተጫዋቾቹና የእነ ይድነቃቸው ተሰማ ድካም ፍሬ ነበር። ሶንጎንም ሚኒስትር አልመሠረተውም፤ ሊያፈርሰው ግን ይችላል፤ ያውም ሳያውቀው፣ ከበታች ሠራተኛ በመጣለት በአንድ ቃል።

የሚችለውም ጥቂት አይደለም። የፈረንሳዩ ደራሲ አንድሬ ማልሮ በ1951 ዓ.ም. የባህል ሚኒስትር ሲሆን ሥዕልና ቴያትር በፓሪስ ብቻ እንዳይቀሩ ብሎ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ የባህል ቤት እንዲሠራ አደረገ። ብራዚላዊው ፔሌ ከ1987 እስከ 1990 ዓ.ም. የስፖርት ሚኒስትር በሆነ ጊዜ፣ ውሉ ካለቀ በኋላም ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር አስሮ ይይዘው የነበረውን አሮጌ ደንብ የሚሽር ሕግ አስወጣ፤ ያ ሕግ ዛሬም በስሙ ይጠራል። አንዱ ከዋና ከተማው ለራቁት በር ከፈተ፤ ሌላው ለተጨቆነው ሕግ አቆመ። ሚኒስትር ሊሠራቸው የሚገቡት ሥራዎች በእኔ አስተያየት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛም አለ፤ እርሱም ሊነካ የማይገባውን አውቆ አለመንካት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ያልተነካ ነገር በዓመቱ ሪፖርት ላይ አይታይምና፣ ሪባንም አይቆረጥለትም።

ይሁን እንጂ ሚኒስትሩ ሬኮን በዐይኑ ላያይ ይችላል። በእርሱና በዚያ ዛፍ መካከል ቢሮ አለ፣ መምሪያ አለ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በመጨረሻም ቅጽ የያዘ እንደ እኔ ያለ ሰው አለ። ሚኒስትሩ አገሩን የሚያየው በእኛ ዐይን ነው። እኛ «ያልተያዘ» ካልነው ለእርሱም ያልተያዘ ነው። ስለዚህ የሚኒስትርነት ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ተከፋፍሎ ከእያንዳንዳችን እጅ ደርሷል። አገልጋይ የሚለውም የቃሉ ጥንተ ትርጉም ከእኛ ከበታቾቹ ይጀምራል።

አባቶቻችን «ሹመት ሺህ ሞት» ብለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉም አሉ። ይህን ሁለተኛውን ብሂል የሚወድ ሰው ወደ ሬኮ ቢወጣ መልካም ነበር። በዚያ ሥልጣን የሚታየው ቁጭ ብሎ በመስማት ነው፤ ከሦስት ቀን ጉባኤም ሽማግሌዎቹ ይዘው የተነሡት ጥቅም የለም።

በቅርቡ እንደ ገና በዚያ አልፌ ነበር። ከቁልቁለቱ ግማሽ ያህሉ ተደልድሏል። ሜዳው እንደ ትልቁ የኳስ ሜዳ 105 ሜትር አይሞላም፤ በእርምጃ ብለካው ስድሳ ሆነልኝ። የድንጋይ ካቡ ገንዘብ ገና አልመጣም፤ ወጣቶቹ ግን በሁለት የእንጨት ምሰሶ ጎል ሠርተው ይጫወታሉ። ያ የሚያነክሰው ልጅ በዳር ቆሞ ፊሽካ ይነፋ ነበር። ከበላይ በዛፉ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ኳሱ ወደ ላይ ሽቅብ ነጥሮ ከመካከላቸው ሲገባ፣ ያን ቀን ቅጹን ያስነበቡኝ አባት በከዘራቸው ገፋ አድርገው መለሱላቸውና ነገራቸውን ቀጠሉ።

እኔም አዲስ ቅጽ አውጥቼ ለሁለት ስፍራ ሞላሁ። በሁለቱም ላይ «የተያዘ» ብዬ ጻፍሁ፤ የድንጋይ ካቡንም ጥያቄ ከሥሩ አከልሁበት። ቅጹ ደረጃውን ጠብቆ ወደ በላይ እየሄደ ነው። እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ አላውቅም፤ በደረሰ ጊዜ ግን የሚያነበው ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን የሚኒስትር ጸሐፊ፣ ቃሉን ቀና ብሎ እንዲያስብበት ከልቤ እመኛለሁ።