ሁለት ኪሎ የጎደለው ፈረሱላ

አብረውኝ የሚማሩት ጓደኞቼ ዘንድሮ «ፈረሱላ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሌላ ሰው አሳምሮ ሳይተርክብኝ ምክንያቱን እኔው ራሴ ብናገር ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ የተጀመረው ለእኅቴ ሠርግ በርበሬ እንድገዛ በተላክሁ ቀን ነው። እናቴ የሁለት ፈረሱላ ዋጋ ቆጥራ ሰጠችኝና ደብረ ብርሃን ገበያ ሄድሁ። ነጋዴው ዛላውን ሚዛን ላይ ጭኖ «አንዱ ፈረሱላ 15 ኪሎ፥ ሁለቱ 30» አለኝ። እኔም በሒሳብ ከክፍሉ ግንባር ቀደም ነኝና፥ 15 በ2 ሲባዛ 30 መሆኑን በኩራት አረጋግጬ ከፈልሁ። ማባዛቱስ ልክ ነበር። በርበሬውን የሚያዘጋጁት አንኮበር ያሉት አያቴ ስለ ሆኑ፥ በማግስቱ ጆንያውን በአውቶቡስ ላክሁላቸውና ነገሩን ረሳሁት።

በዚያው ሳምንት መምህራችን ስለ ትልልቅ የክብደት መለኪያዎች አስተማሩን። 1,000 ኪሎ አንድ ቶን፥ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ሚሊዮን ቶን ሜጋ ቶን፥ ቢሊዮን ቶን ደግሞ ጊጋ ቶን ይባላል። «በጊጋ ቶን የሚመዘን ምን ነገር አለ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይን ግድብ አነሡልን። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ያህል ስለሚመዝን ውኃው 74 ጊጋ ቶን ይሆናል። «እንግዲህ ይህን አያቶቻችሁ በሚያውቁት ሚዛን ለውጡልኝ» አሉ።

አንዱ ጓደኛችን ወቄትን መረጠ። ወቄት የአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ክብደት፥ 28 ግራም ያህል ነውና፥ መልሱ ከ2 ሺህ 600 ትሪሊዮን በልጦ ሰሌዳው ጠበበው። እኔ ግን ከገበያ ትኩስ እውቀት ይዤ ስለ ነበር ኪሎውን ሁሉ ለ15 አካፍዬ «4 ትሪሊዮን 933 ቢሊዮን ፈረሱላ!» ብዬ ጻፍሁ። ጭብጨባው ሳይበርድ መምህራችን «15ን ከየት አመጣኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ከበርበሬ ነጋዴ» አልኋቸው።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ፈረሱላ ከባሕር ማዶ ንግድ ጋር የመጣ መለኪያ እንደ ሆነ፥ ቀድሞም በየወደቡና በየገበያው ይለያይ እንደ ነበር፥ በእኛ አገር ዛሬ የሚታወቀው ግን 17 ኪሎው መሆኑን አስረዱን። አገራችን የሜትሩን ሥርዓት በሕግ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ይሁንና ከ60 ዓመት በኋላም በርበሬና ቡና በፈረሱላ መጠራታቸው አልቀረም። ለ17 ባካፍለው ጊዜ 4 ትሪሊዮን 353 ቢሊዮን ያህል ወጣ። በሁለት ኪሎ ስሕተት ብቻ የሌለ 580 ቢሊዮን ፈረሱላ ፈጥሬ ኖሯል! በሰሌዳው ላይ ይህን ያህል ሳተርፍ በጆንያው ግን 4 ኪሎ መክሰሬ ወዲያው ታወሰኝና ላብ አጠመቀኝ።

ቅዳሜ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አንኮበር ወጣሁ። አያቴ ገና ሳልናገር «ጆንያውን በአንድ ጫፉ ብድግ ሳደርገው አውቄዋለሁ፤ ሁለት ፈረሱላ እንዲህ አይቀልም» አሉኝ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሚዛንም በቤታቸው የለም። እኔም ኀፍረቴን ለመሸፈን የግድቡን ሒሳብ አጫወትኋቸው። ጊጋ ቶን የሚለው ቃል ምንም አልመሰላቸውም። ፈረሱላውን ስነግራቸው ግን ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ስንት አህያ ይጭነዋል?» ብለው ጠየቁ። አንድ አህያ ሦስት ፈረሱላ ይጫን ብለን ብናሰላው 1 ትሪሊዮን 451 ቢሊዮን አህያ ሆነ።

«ለዚህ ሁሉ አህያ ገለባ ማን ሊያቀርብ ነው?» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። «በል ተነሥ፥ ነጋዴውን አሳየኝ።»

ነጋዴው «እማማ፥ የእኔ ፈረሱላ 15 ነው» አላቸው።

«ይሁን ልጄ፤ ዋጋህስ የስንቱ ነው?»

ዝም አለ። ገበያተኛው መሰብሰብ ሲጀምር ሁለት ኪሎ መዝኖ ጨመረልን፤ ከዚያ በላይ ግን እጁ አልፈታ አለ። የቀረውን ሁለት ኪሎ እናቴ ለአዲስ ጫማዬ ካስቀመጠችው ገንዘብ ገዛችው። የሠርጉ ዶሮ ወጥ እንደ ፍም ቀልቶ ቀረበ፤ እኔም አሮጌውን ጫማዬን ቀለም ቀብቼ ስበላ ውዬ ገባሁ።