ቅጠል ማን ያመጣል?

መቱ ላይ ሐምሌ ከገባ ከቤት የማይጠፉ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ያልደረቀ ልብስ፣ የቡና ሽታ እና «ደበረኝ» የሚል ልጅ።

ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ደጁ ጭቃ ነው። መብራት ሲኖር ቴሌቪዥን፣ ሲጠፋ የእኔ ስልክ፣ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ ጠብ። ሌላው አገር ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ኢሉባቦርን አላየም። እዚህ ቡሄም እንቁጣጣሽም መስቀልም አልፈው ዝናቡ ገና ሥራ ላይ ነው። አጠገባችን ያለችው ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል። ስለዚህ ልጅ ይዞ ቤት መዋልን ከማንም በላይ ልናውቅበት የሚገባን እኛ ነበርን።

እኔ ግን አላውቅበትም ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የ11 ዓመቷ ልጄ ስልክ ላይ ኬክ ሲጋገር አይታ «አባ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው» አለችኝ። ጎረቤታችን ትንሿን ኦቨኗን አዋሰችን። ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ ቤኪንግ ፓውደሩም ልክ ቪዲዮው እንዳለው ሆነ። መለካት የትልቋ፣ እንቁላል መምታት የመካከለኛው ሥራ ሆነ። የ5 ዓመቱ ትንሽዬ «አንተ ቁጭ ብለህ እይ» ተባለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሦስቱም ኦቨኑ መስታወት ላይ ተለጥፈው «ተነሳ! ተነሳ!» እያሉ ጮኹ። እውነትም ተነሳ። ከዚያ መሃሉ ቀስ እያለ ሰመጠ። ቤቱ ጸጥ አለ። ትንሹ ጉድጓዱን ትክ ብሎ ሲያይ ቆይቶ «ሶር ፏፏቴን መሰለ» አለና ወጥቶ ሄደ።

ኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። እነዚያ የኬክ አሠራሮች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። መቱ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል፤ ኬኩ በስሎ ሳይጠነክር ይነፋና ይወድቃል። መላው ቀላል ነው፦ ቤኪንግ ፓውደሩን ከተባለው አንድ አራተኛ ያህል መቀነስ፣ ስኳሩንም ትንሽ ቀነስ፣ ወተቱን ወይም ውኃውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨመር። አዲስ አበባ ያላችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ከዚህም በላይ ቀንሱ።

ሳህን ሳጥብ ግን ልቤን የያዘው የኬኩ ነገር አልነበረም። «አንተ ቁጭ ብለህ እይ» ያልነው ልጅ ነበር። ኬኩ ተቆርሶ እንኳ ሲሰጠው ቀምሶ ተወው። ምኑ ነው?

አያቴ ትዝ አለችኝ። አኮ ነበር የምንላት፣ በኦሮምኛ። በእሷ ጊዜ ወንድ ልጅ ማጀት መግባት ነውር ነበር፤ ሊጥ ልንካ ብል እጄን በማማሰያ ነበር የምታቀምሰኝ። ድፎ ዳቦ በሚጋገር ቀን ግን ከማጀቱ በር ላይ ሆና ትጣራለች፦ «ባላ ፊዲ!» ቅጠል አምጣ ማለቷ ነው።

ቅጠሉ ከጓሮ ነው፤ ኮባ፣ እሷ ወርቄ የምትለው። ሕግ ነበራት። መሃል ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን ለጋ አይነኩም፤ እሱ የተክሉ ነፍስ ነው። ከዳር ያለውን፣ ሰፊውን፣ ነፋስ ያልተረተረውን ነው የሚቆርጡት። እኔ ዝናቡ ውስጥ እገባና አንዱን ቅጠል እንደ ጃንጥላ አናቴ ላይ ደፍቼ፣ ሌሎቹን በጭቃው እየጎተትኩ እመለሳለሁ። አኮ ቅጠሉን ወደ ብርሃኑ አንስታ ታየዋለች። ቀዳዳ ካገኘችበት ምንም ሳትቆጣ «ሌላ» ትለኛለች። እንደገና ወደ ዝናቡ።

ያን ጊዜ እበሳጭ ነበር። ዛሬ ሲገባኝ ግን ትልቁ ነገር ያ መመለስ ነበር። ልጅን ዝም ለማሰኘት የተሰጠ ሥራ ቢሆን ኖሮ የተቀደደውንም ተቀብላ «ጎበዝ» ትለኝ ነበር። የመለሰችኝ ቅጠሉ እውነት ስለሚያስፈልጋት ነው፤ ቀዳዳ ካለው ሊጡ ይፈስሳል፣ ዳቦው ከብረት ድስቱ ጋር ይያያዛል። ኬኩን በጋገርን ቀን ለትንሹ ልጄ ሥራ አልሰጠሁትም፤ ያለ እሱም ኬኩ ይጋገር ነበር። ያለ እኔ ግን የአኮ ድፎ አይጋገርም ነበር። ልጅ ደግሞ ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ባለፈው ቅዳሜ እንግዲህ ድፎ ጋገርን። ማጀት የገባሁት እኔ ነኝ፤ አኮ ብታየኝ ትስቅ ነበር።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፦ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት (እኛ አገር በቆሎና ማሽላ እንጂ ስንዴ ብዙ ስለማይበቅል፣ ሩብ ያህሉን የበቆሎ ዱቄት አደረግነው፤ ሲበላ ትንሽ ሸካራ ይላል፣ ይጣፍጣል)። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቂት ስኳር፣ ትንሽ ዘይት፣ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ። ለብ ባለ ውኃ ማሸት። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከቂጣ ሊጥ ላላ ይበል። ሸፍኖ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ማቆየት፤ በዝናብ ቀን ይዘገያል፣ አትቸኩሉ።

ቅጠሉ ከመጣ በኋላ ይታጠባል፣ የኋላው ወፍራም አጥንት በቢላ ይላጣል፣ ከዚያ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል። ይቺን አትዝለሏት፤ ልጆቹ በጣም የወደዷት እሷን ነው። ግትርና ተሰባሪ የነበረው ቅጠል እሳት ሲነካው በአንዴ ይለሰልሳል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። በብረት ድስቱ ውስጥ መስቀለኛ አድርጎ መደርደር፣ ሊጡን መገልበጥ፣ በተረፈው ቅጠል መሸፈን፣ መክደን፤ ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይም ፍም። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ስንጥር ሲሰካበት ደርቆ ከወጣ በስሏል። የከሰል ነገር ግን አደራ፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ፍሙንም ራሳችሁ ብቻ ይዛችሁ።

መካከለኛው ልጄ ክዳኑ ላይ የተቆለለውን ፍም አይቶ «ከላይ እሳት ከታች እሳት የሚባለው ይሄ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። ስንት ዓመት ሰምቶት ዛሬ አየው።

የተረፈችውን ሊጥ ለሦስት ከፈልናትና የየራሳቸውን ሙልሙል ሠሩ። ነሐሴ 13 ቅርብ ነው፤ ሆያ ሆዬ ብለው ለሚመጡ ልጆች የሚሰጠውን ከአሁኑ ይለማመዱ። ቡሄን ከ«ቡሆ» ጋር፣ ማለትም ከተቦካ ሊጥ ጋር የሚያያይዙ እንዳሉ ነገርኳቸው። ትልቋ ተደነቀች። ትንሹ አልሰማኝም፤ ሥራ ላይ ነበር።

ቅጠሉን ያመጣው እሱ ነዋ። ኮባው ሥር አብሬው ሄጄ የቆረጥኩት እኔ ብሆንም የመረጠው እሱ ነው። የመጀመሪያው የተቀደደ ነበር። ወደ ብርሃኑ አንስቼ አሳየሁትና እየፈራሁ «ሌላ» አልኩት። ያለቅሳል ብዬ ነበር። ቀዳዳውን በጣቱ ነክቶ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበ፣ ከዚያ ጭቃውን እየረገጠ ወደ ሌላኛው ተክል ሄደ።

ድፎው ሲወጣ የቅጠሉ መስመሮች ገላው ላይ ታትመው ነበር። ኦቨን ላዋሰችን ጎረቤት አንድ ቁራሽ በሳህን አድርገን ላክን፤ የኢሉባቦር ማር ጠብ ብሎበት። ሳህኑን የያዘው ትንሹ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ «እንኩ፣ የእኔ ቅጠል ነው» ሲል ሰማሁት። ዳቦ ነው አላለም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አልጋው ላይ አጣሁት። ጓሮ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ መሃል ላይ የተጠቀለለውን ለጋ አንጋጦ ያያል። «አባ፣ ይሄ መቼ ይከፈታል?»

ለመስቀል ይደርሳል አልኩት።